ሞዴል አውሮፕላን በሜዳ ላይ ለማብረር መድንና ፈቃድ የሚገኝበት መንገድ

አምስት ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞዴል አውሮፕላን በሰከንድ 30 ሜትር ሲበር 2,250 ጁል የእንቅስቃሴ ጉልበት ይይዛል። ይህ ጉልበት ያው አምስት ኪሎ ከ46 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከአሥራ አምስተኛ ፎቅ ገደማ፣ ቢወድቅ መሬት ሲደርስ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የሜዳው ባለቤት «ሰው ላይ ቢወድቅስ?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው የማስተዋል እንጂ የእልህ አይደለም፤ መልሱም በቃል ማባበያ ሳይሆን በወረቀት መሰጠት ይገባዋል።

የሚያስፈልጉት ወረቀቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከመሬቱ ባለ ይዞታ የሚገኝ የሜዳ አጠቃቀም ፈቃድ፣ ሁለተኛው ከመድን ሰጪ የሚገኝ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚገኝ ምዝገባ ወይም የበረራ ፈቃድ ነው። ብዙ ጀማሪዎች እነዚህን እንደ ሦስት የማይገናኙ ጉዳዮች ስለሚያዩአቸው መጀመሪያ በቀለላቸው በር ይገቡና መሐል ላይ ይቆማሉ። ጉዳዮቹ ግን እርስ በርሳቸው የተቆላለፉ ናቸው፦ ባለ ይዞታው የመድን ማረጋገጫ ሳያይ አይፈርምም፤ የመድን ውሉ በበኩሉ በረራው ሕግን የተከተለና በባለ ይዞታው ዕውቅና የተደረገ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የአቪዬሽን ባለሥልጣኑም በቦታው የመጠቀም መብት እንዳለ ሊያረጋግጥ ይፈልጋል። አንዱ ሲጎድል የቀሩት ሁለቱ ዋጋቸውን ያጣሉ።

ቋጠሮውን የሚፈታው ቅደም ተከተል ነው። በቅድሚያ ሜዳውን ያጥኑ፤ ቀጥሎ ከባለ ይዞታው «መድኑና የበረራ ፈቃዱ ሲቀርብ የሚጸና» የመርሕ ስምምነት ያግኙ፤ በዚህ ስምምነት መድኑን ይግዙ፤ ሁለቱን ይዘው ወደ አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ይሂዱ፤ በመጨረሻም ሁሉንም አሟልተው ወደ ባለ ይዞታው ተመልሰው የጸናውን ውል ይፈርሙ።

ሜዳውን ማጥናት

ማመልከቻ ከመጻፍዎ በፊት ቦታውን ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ አንዱን ጠዋት ሌላውን ከሰዓት በኋላ፣ በእግርዎ ይዙሩት። ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከየት እንደሚነፍስ፣ ፀሐይ በየትኛው ሰዓት በአብራሪው ዓይን እንደምትገባ፣ ሰዎችና ከብቶች ሜዳውን በየት በኩል አቋርጠው እንደሚያልፉ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። ከሳተላይት የተነሣ ምስል የእግር መንገድን ያሳያል፤ በመንገዱ ላይ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ስንት ልጆች እንደሚያልፉበት ግን አያሳይም።

ከዚያም ንድፍ ያዘጋጁ። በንድፉ ላይ የማኮብኮቢያው መስመር፣ አብራሪዎች የሚቆሙበት መስመር፣ ከእነርሱ ኋላ የሞዴሎች መገጣጠሚያ ቦታ፣ ከዚያም ኋላ የተመልካቾችና የተሽከርካሪዎች ቦታ በቅደም ተከተል ይታዩ። በረራው በሙሉ ከአብራሪዎች መስመር ፊት ለፊት ባለው ወገን ብቻ መሆኑን፣ ከመስመሩ ኋላ ያለው አየር ፈጽሞ የማይበረርበት መሆኑን በግልጽ ያመልክቱ። በአቅራቢያው ያሉትን መኖሪያ ቤቶች፣ አውራ መንገዶች፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮችና የውኃ አካላት ከነርቀታቸው ያስፍሩ። ይህ አንድ ገጽ ንድፍ ለባለ ይዞታው፣ ለመድን ሰጪውና ለባለሥልጣኑ ሳይለወጥ ስለሚቀርብ ጊዜ ወስዶ በጥንቃቄ መሥራቱ ድካሙን ደጋግሞ ይከፍላል።

ሜዳው ለየትኛው ሞዴል እንደሚበቃም በዚሁ ጊዜ ይወስኑ። ከአረፋ የተሠራ አንድ ኪሎ የማይሞላ የኤሌክትሪክ ሞዴል የሚረካበት ቦታ ለትልቅ የቤንዚን ሞተር ሞዴል ጠባብ ይሆናል። ዓለም አቀፍ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን በውድድር ደንቡ ለሞዴል አውሮፕላን ያስቀመጠው አጠቃላይ የክብደት ጣሪያ 25 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ ሜዳ እስከዚያ ድረስ ይፈቀድለት ማለት አይደለም። በእኔ እምነት አዲስ ቡድን ከአምስት ወይም ከሰባት ኪሎ በታች በሆነ ጣሪያ ጀምሮ ከአንድ ዓመት ሰላማዊ በረራ በኋላ እንዲሰፋለት ቢጠይቅ ሦስቱንም ወረቀቶች በቀላሉ ያገኛል።

ባለ ይዞታውን ማነጋገር

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይፈቅዳሉ ወይ?» ሳይሆን «የመፍቀድ ሥልጣን ያለው ማን ነው?» የሚለው ነው። መሬቱን የሚያርሰው ሰው ተከራይ ሊሆን ይችላል፤ የኪራይ ውሉም መሬቱን ለሌላ ወገን ማስተላለፍን የሚከለክል ሊሆን ይችላል። ቦታው የሕዝብ ከሆነ ደግሞ ጥበቃው ወይም የቅርቡ ኃላፊ «ችግር የለም» ቢል ቃሉ ከመልካም ፈቃድ አያልፍም። እኔ ራሴ ከጓደኞቼ ጋር አንድ የበረራ ወቅት ሙሉ በአራሹ ፈቃድ ስንጠቀምበት የቆየንበት ሜዳ የሌላ ሰው ይዞታ መሆኑን ያወቅነው ባለቤቱ መጥቶ እንድንወጣ ባዘዘን ዕለት ነበር። ያን ጊዜ የበለጠ ያስደነገጠን ሜዳውን ማጣታችን ሳይሆን የመድን ውላችንን ገልጠን ስናነብ ሽፋኑ «በሕጋዊ ባለ ይዞታ ፈቃድ» በሚል ሐረግ የታሰረ መሆኑን ማየታችን ነው። በዚያ ወቅት ሁሉ አንድ አደጋ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሽፋን እንዳለን እያመንን ያለ ሽፋን እንገኝ ነበር። ስለዚህ የይዞታ ማረጋገጫውን በትሕትና ጠይቆ ማየት ነውር የለበትም፤ ተከራይና ባለቤት የተለያዩ ከሆኑም ሁለቱም ይፈርሙ።

ባለ ይዞታውን ሲያነጋግሩ ንድፉን፣ የቡድኑን የበረራ ደንብና አንድ ትንሽ ሞዴል ይዘው ይሂዱ። ብዙ ሰው ስለ ሞዴል አውሮፕላን ሲነገረው በመንደር ላይ የሚያንዣብብ ካሜራ የተጫነበት ድሮን ነው በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት፤ ዕቃውን በእጁ ሲይዘው፣ የት እንደሚበርና የት እንደማይበር በወረቀት ሲመለከት ፍርሃቱ ወደ ተጨባጭ ጥያቄ ይለወጣል። ተጨባጭ ጥያቄ ደግሞ መልስ አለው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ አጭርና ቅን ይሁን። የሚከተለው አርአያ ሊያገለግል ይችላል፦

«በእርስዎ ይዞታ በሚገኘው ሜዳ ላይ በርቀት የሚቆጣጠሯቸው፣ ክብደታቸው ከአምስት ኪሎ ግራም የማይበልጥ ሞዴል አውሮፕላኖችን ለማብረር ፈቃድዎን በትሕትና እንጠይቃለን። በረራው በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተያያዘው ንድፍ ላይ በተመለከተው ወሰን ውስጥ ብቻ የሚካሄድ ሲሆን ሰብል በሜዳው ላይ ባለበት ወይም ከብት በተሰማራበት ጊዜ በረራ አይኖርም። በሦስተኛ ወገንና በንብረትዎ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የኃላፊነት መድን የምንገባ ሲሆን የእርስዎም ስም በውሉ ውስጥ በተጨማሪ መድን ገቢነት እንዲካተት እናደርጋለን። የመድኑን ምስክር ወረቀትና የአቪዬሽን ባለሥልጣኑን ፈቃድ ከማቅረባችን በፊት ምንም በረራ እንደማንጀምር እናረጋግጣለን።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቀላል ቢመስልም ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው እርሱ ነው፤ ባለ ይዞታው «እሺ» ማለቱ በዚያ ቅጽበት ለምንም አደጋ እንደማያጋልጠው ስለሚያረጋግጥለት እጁ በቀላሉ ይፈታል።

ውሉ ሲዘጋጅ የሜዳው ወሰን፣ ቀናቱና ሰዓቶቹ፣ የክብደትና የሞተር ዓይነት ገደቡ፣ የበሩ ቁልፍ የሚያዝበት ሁኔታ፣ የተሽከርካሪ ማቆሚያው፣ ሣሩን የሚያጭደው ወገን፣ እንዲሁም ማናቸውም ወገን ውሉን ማቋረጥ ሲፈልግ ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚያስታውቅ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው አንቀጽ ስለ ጎረቤት መሬት የሚናገረው ነው። ሞዴሉ ከወሰን ውጭ ቢወድቅ ማን፣ በየት በኩል ገብቶ፣ ማንን አስፈቅዶ እንደሚያነሣው አስቀድሞ ካልተወሰነ በሰው ሰብል ላይ የተረገጠ አንድ እርምጃ ዓመታት የተደከመበትን ፈቃድ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ከአጎራባች ባለ ይዞታዎችም ጋር ቢያንስ የቃል ስምምነት አድርገው ስልካቸውን ይያዙ።

ስለ ኪራይ ክፍያም አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በአንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ግዛቶች፣ መሬቱን ያለ ክፍያ ለመዝናኛ የፈቀደን ባለቤት ከተጠያቂነት በከፊል የሚጠብቁ ሕጎች ያሉ ሲሆን ባለቤቱ ክፍያ ከተቀበለ ግን ይህ ጥበቃ ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት በአካባቢዎ ሕግ ክፍያው የባለቤቱን ኃላፊነት ይለውጥ እንደሆነ አንድ የሕግ ባለሙያ ይጠይቁ፤ ምናልባት ሣር ማጨድና አጥር መጠገን ከኪራይ ይልቅ ለሁለቱም ወገን ይበጅ ይሆናል።

ድምፅን በተመለከተ ከጎረቤት ጋር በግምት አይከራከሩ፤ ይለኩ። በእንግሊዝ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መመሪያ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ ከሰባት ሜትር ርቀት ላይ ከ82 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ሌላ ቦታም ቢሆን ይህን መለኪያ በቡድን ደንብ ውስጥ አካትቶ ውጤቱን መዝግቦ መያዝ ቅሬታ ሲመጣ ጠንካራ መልስ ይሆናል። በኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ የሚበር ቡድን ይህን አንቀጽ በአጭሩ ሊያልፈው ይችላል።

መድኑን መግዛት

ለሜዳ ላይ በረራ ዋናው መድን ሞዴሉ የሚጠገንበት ሳይሆን በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወት ወይም ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈልበት የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድን ነው። የተሰበረ ክንፍ በኪስ ገንዘብ ይተካል፤ የሰው ዓይን ግን አይተካም፤ ካሳውም የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ሊያናጋ ይችላል። ስለዚህ አቅም ውስን ከሆነ ገንዘቡን በሙሉ ለዚህኛው ያውሉት።

ሽፋኑ የሚገኝባቸው መንገዶች በአብዛኛው ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በአገር አቀፍ የሞዴል በረራ ማኅበር አባልነት የሚገኘው የቡድን መድን ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተው የአሜሪካው አካዳሚ ኦፍ ሞዴል ኤሮኖቲክስ ለአባላቱ ለአንድ አደጋ እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የኃላፊነት ሽፋን ሲሰጥ፣ ክለቦች ደግሞ የሜዳውን ባለቤት በዚሁ ሽፋን እንዲያካትቱ ያስችላቸዋል። ማኅበር ባለበት አገር ከዚህ የሚሻል መንገድ አላውቅም፤ አረቦኑ ለብዙ ሰው ስለሚከፋፈል ዝቅተኛ ነው፣ መድን ሰጪውም የስፖርቱን ጠባይ ያውቃል። ሁለተኛው መንገድ የቤት ወይም የግል ኃላፊነት መድን ላይ የሚጨመር ሽፋን ነው። ብዙ የቤት መድን ውሎች «የአየር ላይ መጓጓዣዎችን» ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ሞዴሎችን ከዚህ ክልከላ መልሰው ያወጣሉ። ስለዚህ በቃል መልስ ሳይረኩ «በርቀት የሚቆጣጠሩት ሞዴል አውሮፕላን በዚህ ውል ይሸፈናል ወይ?» የሚል ጥያቄ በጽሑፍ አቅርበው መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ሦስተኛው በተለይ ለክለቡ ወይም ለአንድ ዝግጅት ብቻ የሚገዛ ውል ነው።

መድን ሕጋዊ ግዴታ መሆን አለመሆኑ ከአገር አገር ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የአየር ትራንስፖርት መድን ደንብ ክብደታቸው ከ20 ኪሎ ግራም በታች የሆኑ ሞዴሎችን ከግዴታው ነፃ ያደርጋል፤ በዚያው ኅብረት ውስጥ ያለችው ጀርመን ግን በራሷ ሕግ ለትንንሾቹም ጭምር የኃላፊነት መድንን ግዴታ አድርጋለች። ሕግ ባያስገድድም ባለ ይዞታው ያስገድዳል፤ እርሱም ባያስገድድ ኅሊና ሊያስገድድ ይገባል።

ውሉን ሲያነቡ ከፊት ገጹ ትልቅ ቁጥር ይልቅ ከሽፋን ውጭ የሆኑትን ሁኔታዎች የሚዘረዝረውን ክፍል ቀድመው ያንብቡ። የክብደት ጣሪያ አለ ወይ? የጄት ተርባይን ሞተር ተለይቶ ተከልክሏል ወይ? በመነጽር በሚታይ ቪዲዮ እየተመሩ ማብረር፣ በራሱ አቅጣጫ በሚጓዝ ሥርዓት ማብረር፣ በክፍያ ፎቶግራፍ ማንሣት ይሸፈናሉ ወይ? የመጨረሻው በተለይ ያሳስባል፤ ለአንድ ቀን እንኳ በክፍያ የተደረገ በረራ መዝናኛ መሆኑ ቀርቶ ሥራ ስለሚሆን የመዝናኛ መድን በአብዛኛው አይሸፍነውም። ተመልካች ከፍሎ የሚገባበት ትርኢትም እንዲሁ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው «ሦስተኛ ወገን» የሚለው ቃል ማንን እንደሚያካትት ነው። በሞዴል ሜዳ ላይ ለፕሮፔለር በጣም ቅርብ የሆነው ሰው አላፊ አግዳሚው ሳይሆን አጠገብዎ የቆመው የክለብ ጓደኛዎ ነው። አንዳንድ ውሎች በአንድ ክለብ አባላት መካከል የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍኑም፤ እንዲህ ያለው ውል ዋናውን አደጋ ሳይዝ የቀረ ነው። አባል ያልሆነ ተማሪ በአስተማሪ ክትትል ሲያበር የሚሸፈን መሆኑም በግልጽ ሊጻፍ ይገባል፤ አለበለዚያ ልጁን ለማስተማር መቆጣጠሪያውን ያቀበለው ሰው ራሱ ሳያውቅ ያለ መድን ይቆማል።

የገንዘቡን ጣሪያ በተመለከተ ሦስት ነገሮች ይለዩ። የተጻፈው መጠን ለአንድ አደጋ ነው ወይስ ለዓመቱ ሁሉ አደጋዎች በድምሩ? የጠበቃና የፍርድ ቤት ወጪ ከጣሪያው ላይ የሚቀነስ ነው ወይስ በተጨማሪ የሚከፈል? ሽፋኑ መጀመሪያ የሚከፍል ነው ወይስ ሌሎች መድኖች ከከፈሉ በኋላ ቀሪውን ብቻ የሚሸፍን? የአሜሪካው ማኅበር ሽፋን ለአባሉ በአብዛኛው በሁለተኛው መልክ፣ ማለትም ከአባሉ የቤት መድን ቀጥሎ፣ የሚሠራ ነው። ይህ ራሱ ጉድለት አይደለም፤ ነገር ግን የቤት መድንዎ አብሮ እንደሚጠራ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ከእያንዳንዱ ካሳ ላይ መድን ገቢው በራሱ የሚከፍለው ድርሻ ካለም መጠኑን ይጠይቁ፤ ድርሻው ከፍ ያለ ከሆነ ክለቡ ለዚሁ የሚሆን መጠባበቂያ ገንዘብ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

የማመልከቻ ቅጹን ሲሞሉ ምንም አይደብቁ። ከዚህ በፊት የደረሰ አደጋ፣ በሜዳው አቅራቢያ ያለ መንገድ፣ ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ በሜዳው ላይ የሚሞላ መሆኑ፣ ቤንዚን የሚቀመጥ መሆኑ ሁሉ ይገለጽ። እነዚህ ባትሪዎች ሲጎዱ ወይም ከልክ በላይ ሲሞሉ ሊቀጣጠሉ ስለሚችሉ የእሳት ጉዳት፣ በተለይ በደረቅ ሣር ወቅት በባለ ይዞታው ሰብል ላይ የሚደርሰው፣ የተሸፈነ መሆኑን ለይተው ያረጋግጡ። የተደበቀ ነገር የሚገኘው ካሳ በሚጠየቅበት ዕለት ነው፤ በዚያን ዕለት ደግሞ መድን ሰጪው ውሉን ለማፍረስ በቂ ምክንያት ያገኛል።

ክፍያው ሲፈጸም የሚቀበሉት የመድን ምስክር ወረቀት የባለ ይዞታውን ሙሉ ስም በተጨማሪ መድን ገቢነት፣ የሜዳውን ትክክለኛ መገኛ፣ የሽፋኑን መነሻና ማብቂያ ቀን መያዙን እዚያው ሳሉ ይመልከቱ። በስሙ ላይ የተሳሳተ አንድ ፊደል ወይም «ሜዳው» ብቻ የሚል አገላለጽ ኋላ ብዙ ደጅ ያስጠናል።

የአቪዬሽን ባለሥልጣኑን ማስፈቀድ

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ሰው አልባ የአየር ላይ ሥርዓቶች ባወጣው ሰርኩላር ለመዝናኛ ብቻ የሚውሉ ሞዴል አውሮፕላኖች የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን መሠረት በሆነው በቺካጎው ስምምነት እንደማይሸፈኑና የየአገሩ ሕግ ጉዳይ መሆናቸውን ገልጿል። ስለዚህ ለሁሉም አገር የሚሠራ አንድ ቅጽ የለም፤ መጀመሪያ መነበብ ያለበት የራስ አገር ደንብ ነው። በብዙ አገር ደንቡ ሞዴሉን ከድሮን ሳይለይ በአንድ ስም ስለሚጠራው «ሞዴል አውሮፕላን» የሚል ቃል ባለማግኘትዎ ብቻ ሕጉ አይመለከተኝም ብለው አይደምድሙ። አንዳንድ አገር ለማብረር ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ከውጭ ለማስገባትም ቅድሚያ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ሞዴሉን ከመግዛትዎ በፊት ይህንንም ያጣሩ።

ደንቦቹ ቢለያዩም አጥንታቸው ተቀራራቢ ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት የምዝገባ ግዴታ በአብዛኛው የሚጀምረው ከ250 ግራም ነው፤ የምዝገባው ቁጥርም በሞዴሉ ላይ ይለጠፋል። በሁለቱም ዘንድ አብራሪው ሞዴሉን በዓይኑ ማየት አለበት፤ የተለመደው የከፍታ ጣሪያም 120 ሜትር፣ ወይም 400 ጫማ፣ ነው። አብራሪው አጭር የዕውቀት ፈተና እንዲወስድ የሚጠየቅበትም ጊዜ አለ። ይህ ለግለሰቡ ነው፤ ለክለብና ለሜዳ ደግሞ የተለየ መንገድ ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በአንቀጽ 16 ለሞዴል ክለቦችና ማኅበራት ከአጠቃላዩ ደንብ የተለየ ፈቃድ እንዲሰጥ ያስችላል። በአሜሪካ ደግሞ የርቀት መለያ ምልክት፣ ማለትም ማንነታቸውንና መገኛቸውን በሬዲዮ የሚያሳውቅ ምልክት፣ የማያሠራጩ ሞዴሎች ሊበሩበት የሚችሉ ዕውቅና የተሰጣቸው ሜዳዎች አሉ፤ ለዚህ ዕውቅና ማመልከት የሚችሉት በባለሥልጣኑ የታወቁ የማኅበረሰብ ድርጅቶችና የትምህርት ተቋማት ብቻ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው ብቻውን ከሚያመለክት ሰው ይልቅ ደንብ ያለው ማኅበር የበለጠ ነፃነት እንደሚያገኝ ነው።

የማመልከቻው ልብ የቦታው መግለጫ ነው። የማኮብኮቢያውን መካከለኛ ነጥብ በኬክሮስና ኬንትሮስ፣ በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ ይግለጹ፤ የበረራውን ወሰን ከዚያ ነጥብ በሜትር በሚለካ ሬዲየስ ወይም በማዕዘኖቹ መገኛ ያስቀምጡ። በከፍታ ላይ የሚሠራ ስሕተት ብዙ ነው። የሞዴል አብራሪ ከፍታን የሚቆጥረው ከእግሩ ሥር ካለው መሬት ሲሆን የአውሮፕላን አብራሪና የበረራ ተቆጣጣሪ ግን በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ይቆጥራሉ። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ የሚገኝ ከሆነ የ120 ሜትር ጣሪያ ለተቆጣጣሪው 1,920 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ። ቀናቱንና ሰዓቶቹን፣ በአንድ ጊዜ አየር ላይ የሚኖሩትን ሞዴሎች ብዛት፣ ከፍተኛውን ክብደት፣ በበረራ ሰዓት ሁሉ ስልኩ ክፍት የሆነን ኃላፊ ሰው ያክሉ።

ሜዳው ቁጥጥር በሚደረግበት የአየር ክልል ውስጥ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ከሆነ ጉዳዩ ጠበቅ ይላል፤ ነገር ግን አይዘጋም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚሻለው ከበረራ ተቆጣጣሪው ክፍል ጋር በጽሑፍ የሚደረግ የአሠራር ስምምነት ነው። በስምምነቱ ውስጥ በረራ ከመጀመሩ በፊትና ካበቃ በኋላ ለማን እንደሚደወል፣ የከፍታው ጣሪያ ስንት እንደሆነ፣ ተቆጣጣሪው «አውርዱ» ሲል በስንት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ሞዴሎች መሬት መድረስ እንዳለባቸው ይወሰናል። ሰው የተሳፈረበት ማናቸውም አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር ሲቃረብ ሞዴሎች ወዲያው ዝቅ ብለው እንደሚያርፉ፣ ይህንንም የሚከታተል ከአብራሪው ሌላ ጠባቂ እንደሚመደብ በማመልከቻው ውስጥ በራስዎ ተነሣሽነት ይጻፉ። መርማሪው ሊጠይቅ የነበረውን ቀድመው መመለስዎ ማመልከቻውን ያፈጥነዋል።

መቆጣጠሪያው የሚጠቀምበት የሬዲዮ ሞገድም ይጠቀስ። ዛሬ አብዛኛው መቆጣጠሪያ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ይሠራል፤ ይህ ባንድ በብዙ አገር ያለ ልዩ ፈቃድ ክፍት ቢሆንም የማሠራጫው ኃይል ገደብ አለው። የቆዩ መቆጣጠሪያዎችንና የቪዲዮ ማሠራጫዎችን ለማስፈቀድ ወደ መገናኛ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል።

ወረቀቶቹ እንደጸኑ ማቆየት

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ሽፋኑን የሚያጸናው የየዕለቱ አሠራር ነው። በእያንዳንዱ የበረራ ቀን የተገኙት አብራሪዎች፣ የአባልነትና የምዝገባ ቁጥራቸው፣ የቀኑ ኃላፊ ስም በመዝገብ ይስፈር። ከመጀመሪያው በረራ በፊት የመቆጣጠሪያው የርቀት ፍተሻ ይደረግ፤ ሲግናል ሲቋረጥ ሞተሩ የሚጠፋ መሆኑም ሞዴሉ መሬት ላይ ታስሮ፣ ከፕሮፔለሩ ፊት ማንም ሳይቆም፣ መቆጣጠሪያውን በማጥፋት ይረጋገጥ። ይህ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ተመዝግቦ ሲገኝ በቸልተኝነት ክስ ፊት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

አደጋ ከደረሰ በቅድሚያ የተጎዳው ሰው ይረዳ፤ ሁሉም በረራ ይቁም። ከዚያ በኋላ ሞዴሉ፣ ባትሪውና መቆጣጠሪያው ባሉበት ሁኔታ ተጠብቀው ፎቶግራፍ ይነሡ፣ የምስክሮች ስምና ስልክ ይያዝ። የተጎዳውን ማጽናናትና ይቅርታ መጠየቅ የሰውነት ወግ ነው፤ ነገር ግን «ጉዳቱን ሁሉ እኔ እከፍላለሁ» የሚል ቃል መስጠት ወይም መፈረም በብዙ የመድን ውል የተከለከለ ስለሆነ «መድን አለን፣ ዛሬውኑ እናሳውቃለን» ማለት ይበቃል። መድን ሰጪው ውሉ በሚያዝዘው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ይነገረው፤ ባለ ይዞታውም ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ከእርስዎ ይስማ። ደንቡ የሚጠይቅ ከሆነ ለአቪዬሽን ባለሥልጣኑም ሪፖርት ይደረጋል።

የሦስቱ ወረቀቶች የማብቂያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ነው፤ አንዱ ሲያበቃ ሌሎቹ ስለማይናገሩ ሦስቱንም ቀናት በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ በሜዳው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መለጠፍ ይጠቅማል። የመድኑን እድሳት ከማብቂያው 30 ቀን በፊት ይጀምሩ፤ አዲሱ ምስክር ወረቀት እንደደረሰም ቅጂውን ለባለ ይዞታው በእጁ ያስረክቡ። መሬቱ በውርስ ወይም በሽያጭ ወደ ሌላ ሰው ከተላለፈ የአሮጌው ፊርማ አዲሱን ባለ ይዞታ ላያስገድደው ስለሚችል በረራውን አቁመው በአዲሱ ስም ውሉንም ምስክር ወረቀቱንም ያስለውጡ።